ሂሳብ አዋቂዋ

«ሚሲዮን» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቄስ ወይም መነኩሲት ነው። ሙያውን ይዞ ባሕር የሚሻገር ተራ ምእመን አይታየንም። እኔም የጂን ዶኖቫንን ታሪክ እስካነብ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

ጂን አሜሪካዊት ናት። በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ይዛ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ባለ አንድ ትልቅ የሂሳብ ድርጅት ውስጥ ጥሩ ደመወዝ ታገኝ ነበር። እሱን ትታ በ1979 (እ.ኤ.አ.) በከተማዋ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በኩል ኤልሳልቫዶር ገባች። አልመነኮሰችም። ላ ሊበርታድ ላይ የያዘችው ሥራ ምን መሰላችሁ? ያው የምታውቀውን! የካሪታስን የእርዳታ ሂሳብ መያዝ፣ ለድሆችና ለተፈናቃዮች እህል ማድረስ።

ያኔ በዚያ አገር ድሀ መርዳት እንደ አመፅ ይቆጠር ነበር። በመጋቢት 1980 ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ ቅዳሴ ላይ ተገደሉ። ጂንም ልመለስ ብላ ደጋግማ አስባለች፤ የያዟት ሕፃናቱ ናቸው። ታኅሣሥ 2 ቀን 1980 ከሦስት መነኮሳት ጋር ከአውሮፕላን ማረፊያ ስትመለስ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች አራቱንም ገደሏቸው። ዕድሜዋ 27 ነበር። በ1984 አምስት ወታደሮች ተፈረደባቸው፤ በ1993 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት እውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ግድያው አስቀድሞ የታቀደ፣ ከበላይ የታዘዘ መሆኑን አረጋገጠ።

ሙያ የእንጀራ ገመድ ነው እንላለን። ልክ ነን፤ የማን እንጀራ እንደሆነ ግን አንጠይቅም። እኔ ስነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ጀግናዬ ወይ ጦር የያዘ ነበር፣ ወይ ብዕር። የሂሳብ መዝገብ የያዘ ጀግና ግን አንድም ቀን አላስተማርኩም።