የእንዶድ ምርምር ጽሑፎች ታሪክ፦ ማን ጻፈ? ማን ጠቀሰ?

በዘመናችን የአንድ ተመራማሪ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ ይኸውም ስንት ጽሑፍ አሳተመ፣ ጽሑፎቹስ በሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ ተጠቀሱ በሚሉት። ይህ ልማድ ረጅም ዕድሜ የለውም። ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉት አሜሪካዊ በፊላደልፊያ ከተማ ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ በመደበኛነት ማሳተም የጀመሩት በ1964 ነበር። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ የሚያጠቃልል መለኪያ አቀረቡ፤ በዚህም መሠረት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው መለኪያው 20 ይሆናል ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥቅሶቹ ማውጫ መታተም በጀመረበት በዚያው በ1964 አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአድዋ ከተማ በአንድ ወንዝ ዳር ቆሞ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ይመለከት ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዶክተር አክሊሉ ለማ ከዚያ ቀን በኋላ ያሳተሟቸው ጽሑፎች የተጓዙትን መንገድ መከተልና፣ ቁጥሩ የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማየት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የውኃ መሐንዲስ እንጂ የሕክምና ባለሙያ አይደለም። ወደዚህ ጉዳይ የሳበው አንድ አጋጣሚ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመስኖ ፕሮጀክት የጥናት ሰነድ ዝግጅት ተካፋይ ነበር። በሰነዱ ውስጥ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ የሰፈረው ሐሳብ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ በዋቢነት የተጠቀሱት ጥቂት መጻሕፍትም ሁሉም የውጭ አገር መመሪያዎች ነበሩ። ሰነዱ በቀረበበት ስብሰባ ላይ አንድ አንጋፋ ባልደረባ፣ «ለመሆኑ አክሊሉ ለማ የጻፉትን አይታችኋል?» ሲሉ ጠየቁ። መልሳችን ዝምታ ነበር። ያን ገጽ የጻፈው ይኸው ጸሐፊ ስለ ነበረ ዝምታው ከሁሉ ይልቅ የከበደው ለእርሱ ነው።

የምርምሩ መነሻ

ዶክተር አክሊሉ በ1935 ተወልደው፣ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደ አገራቸው የተመለሱ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ነበሩ። ወደ አድዋ የሄዱት ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ነው። እንደሚታወቀው የዚህ በሽታ ትል እንቁላል ከታመመው ሰው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ እጩ በአንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ካልተራባ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ አይችልም። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ ወደ ውኃው የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን ሰንሰለት መበጠስ ነው።

በወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ያስተዋሉት፣ አረፋው ከሚወርድበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙዎቹ ሞተው መገኘታቸውን ነው። ከአጣቢዎቹ አንዷ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት ጨልፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። የኋላው ረጅም ምርምር ሁሉ የተነሣው ከዚህ ቀላል ሙከራ ነው።

ጽሑፎቹና የታተሙበት ስፍራ

የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ቅድመ ዘገባ ተብሎ የቀረበ የአራት ገጽ ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በዚያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ግኝቱን በቅድሚያ ለአገር መጽሔት መስጠት ለአገሪቱ ሐኪሞች ክብር መስጠት ነው፤ ነገር ግን ዋጋ ነበረው። በአዲስ አበባ የታተመው በለንደንና በጄኔቫ ቤተ መጻሕፍት በቀላሉ የሚገኝ አልነበረምና።

በ1966 ዶክተር አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። የተቋሙ ሥራ በእንዶድ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ ዶክተር አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1969 ስለ ሌይሽማኒያሲስ በሽታና ስለ ስርጭቱ ያወጧቸው ጥናቶችም ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የተገኙ ጠቃሚ መረጃዎችን የያዙ ናቸው። በ1970 የእንዶድ የላቦራቶሪና የመስክ ግምገማ በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ታተመ። ከዚህ በኋላ ጉዳዩን አላየሁም ለማለት የሚችል የሙያው ሰው አልነበረም። በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሚሠሩ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ሳፖኒን ለይተው ባወጡ ጊዜ ከውሕዶቹ አንዱን በስማቸው «ለማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። ስሙ በውሕድ ላይ የሠፈረለት ተመራማሪ ከጥቅስ ቁጥር የበለጠ መታሰቢያ አግኝቷል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ከጽሑፎቹ ሁሉ ለሕዝብ ጤና እጅግ የሚጠቅመው ቁጥር የወጣው ዘግይቶ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ለአምስት ዓመት እንዶድ በጅረቶቹ ውስጥ እየተጨመረ በሽታው ሲከታተሉት ቆዩ። በውጤቱም የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ አንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ አለ፤ በሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከዚህ ቁጥር ትልቁ ትርጉም ያለው የሕፃናቱ ነው፤ አዋቂው የድሮ በሽታውን ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል፤ ሕፃኑ ግን አዲስ ተወላጅ ስለሆነ በእርሱ ላይ የሚታየው ለውጥ የውኃውን መንጻት ያመለክታል። ይህ ውጤት ጎል የተባሉት ባልደረባ በቀዳሚ ደራሲነት፣ ዶክተር አክሊሉ በሁለተኛነት ተመዝግበው በጀርመን አገር በሚታተም የሐሩር ክልል ሕክምና መጽሔት የወጣው በ1983 ነው። ሙከራው ከተፈጸመ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር።

መጠቀስና መታመን

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ግኝቱ ታትሞ፣ ተጠቅሶ፣ በኬሚስትሪም ተተንትኖ ሳለ በሰፊው ሥራ ላይ ያልዋለው ለምንድን ነው? ዶክተር አክሊሉ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት በስዊድን በተቀበሉ ጊዜ ባደረጉት ንግግር፣ የምርምር እንቅፋት የገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን ከአፍሪካ መልካም ሳይንስ ሊወጣ ይችላል ብለው ለማመን የሚቸገሩ ወገኖች አድልዎም መሆኑን ገልጠዋል።

ይህ ቅሬታ እውነት ቢኖረውም፣ ነገሩን በሚዛን መመልከት ይገባል። ሰው በሚጠቀምበት ውኃ ውስጥ የሚጨመር መርዝ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ እኛም መሐንዲሶች ያልተፈተነ ብረት በድልድይ ላይ አንጭንም። የእንዶድ ፍሬ ኃይሉ እንደ ተክሉ ዓይነትና እንደ ተለቀመበት ጊዜ ይለያያል፤ «ኢ-44» የተባለው የተመረጠ ዓይነት የተገኘው በዶክተር ለገሠ የግብርና ሥራ ነው። ለዓሣም ጎጂ ነው። እነዚህን ሁሉ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ያልተገባው፣ ለትልቅ የኬሚካል ኩባንያ የተበጀውን የምርመራ ደረጃ ለድሃ አገር ተመራማሪ አቅርቦ ወጪውን የሚሸፍንለት ሳያገኝ ማቆየቱ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ባለው ዘዴ የተካሄደው የደኅንነት ግምገማ የታተመው በ1991 ነበር፤ ይኸውም ከአድዋው ቀን 27 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ስለ ተገኘ የዓለም ትኩረት ቀንድ አውጣውን ከመግደል በሽተኛውን ወደ ማከም ዞሯል። እንዶድ የተፈቀደለት ወረቀቱ ሲሟላ ገበያው አልፎ ነበር።

ለእኛ ሙያ የቀረበ ሌላ ምዕራፍም አለ። ዶክተር አክሊሉ በ1990 በአሜሪካ ለቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ በሄዱ ጊዜ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ የውኃ ማመንጫና ማጣሪያ ጣቢያዎች ቧንቧ በአንድ ዓይነት ባለ ዛጎል እንስሳ እየተደፈነ መሆኑን ተረዱ። እንዶድ ተሞክሮ ገዳይነቱ ተረጋገጠ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ መብት አገኘበት። በአድዋ ሕፃናትን ለማዳን ሩብ ምዕተ ዓመት የተጓተተው ነገር በኦሃዮ ቧንቧ ለማጽዳት ጥቂት ዓመት ብቻ ፈጀ። የፈጠራ መብት የያዘው ወረቀት የቀደሙ ሥራዎችን ይጠቅሳል፤ ነገር ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያጥቡበት የኖሩት ሴቶች ዕውቀት በየትኛውም የጥቅስ ማውጫ ውስጥ አይቆጠርም።

ለእኛ የሚተርፈው

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። የጽሑፎቻቸው ጥቅስ እስከ ዛሬ ይጨምራል፤ ሆኖም ቁጥሩ የሚነግረን ስንት ተመራማሪ እንዳነበባቸው ነው እንጂ ስንት ቦይ በእነርሱ ምክር እንደ ተሠራ አይደለም።

ጥቅስ በመሠረቱ ዕዳን ማመን ነው። የውጭው ዓለም ይህን ዕዳ ዘግይቶ አመነ ብለን የምናዝን ከሆነ፣ እኛስ መቼ አመንን ብለን መጠየቅ ይገባናል። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ ኋላም በፊንጫ በመስኖ እርሻዎች ውስጥ ቢልሃርዚያ መኖሩ በአገራችን ተመራማሪዎች ተጽፏል። የምንቆፍረው ቦይ ውኃው ሲረጋ፣ አረም ሲበቅልበት፣ የማታ ማጠራቀሚያው ኩሬ ሳይደርቅ ሲቆይ ለቀንድ አውጣው ምቹ ቤት የምንሠራለት እኛው ነን። የውኃው ፍጥነት በሴኮንድ ከ0.3 ሜትር ሲበልጥ ቀንድ አውጣው ጸንቶ መቆየት እንደሚቸግረው የታወቀ ነው። ቦይን በሲሚንቶ ማልበስ፣ ኩሬን በየጊዜው ማድረቅ፣ መንደርን ከቦይ ማራቅ፣ መሻገሪያ ድልድይና የልብስ ማጠቢያ ስፍራ መሥራት የሐኪም ሳይሆን የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ይህ ጸሐፊ ከዚያ ስብሰባ በኋላ አንዲቱን ገጽ እንደገና ጽፏታል። አሁን ሰባት ገጽ ሆናለች፤ በዋቢዎቿም ራስጌ ላይ በ1965 የታተመችው የአራት ገጽ ጽሑፍ ትገኛለች። ለጥቅሶቹ ድምር የተጨመረው አንድ ብቻ ነው። በሰነዱ የቦይ ንድፍ ላይ ግን ሦስት የልብስ ማጠቢያ ስፍራዎች ተጨምረዋል።