ጭላዳው በደጅ፣ ባዮሎጂው በጥቁር ሰሌዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሄደ ሰው ጣርማ በርን አይረሳውም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ ይገባል፣ ሲወጣ ደመናው ከእግር በታች ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይጠማዘዝና ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ ይጥላችኋል። ጣርማ በር ላይ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 1300 ሜትር ይወርዳል። ሹራብ ለብሶ የተሳፈረው ተሳፋሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሸሚዙን ይከፍታል። በላይ ገብስና ባቄላ፣ መሀል ላይ ጤፍ፣ ከታች ማሽላና ማሾ። በላይ ጭላዳ፣ ከታች ወባ።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ስለ አገር ጉብኝት ለማውራት አይደለም። ሰሞኑን እርስ በርሳችን የተከራከርንበት ጉዳይ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ትምህርት ነበር። ከተማሪ ምን ይጠበቅ ነበር? ማርኩስ በምን ይሰጥ ነበር? ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው ታሪክ ሆኖ አገኘነው። ታሪኩን ከአዲስ አበባ ሆኖ መጻፍ ይቻላል፣ ሁሉም የሚጽፈው ከዚያ ነው። እኛ ግን ከደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ቆመን ብናየው ይሻላል አልን። ምክንያቱ ቀላል ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ለባዮሎጂ ትምህርት ከዚህ የተመቸ ቦታ ስንት አለ?

እስቲ ትንሽ እንቁጠር። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ እንደ ከብት ሣር እየነጨ የሚኖር ዛሬ እሱ ብቻ ቀርቷል። ከደብረ ሲና ከፍ ብሎ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ ነው እየተባለ ይነገርለታል፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ከአናቱም አስታ አለበት። ወረድ ብሎ በዚያው ገደል ጫፍ፣ አንኮበር አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ሳይንስ የማያውቃት ትንሽ ወፍ ተገኝታ የአካባቢውን ስም ይዛ ቀርታለች። ስለ ኮሶ ደግሞ ምን እንበል! አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ጠጥተው የሚያዩትን ፍዳ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። የኮሶ ትል የሚባለውን ጥገኛ ትል ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ስሙ እየሸመደዱ፣ መድኃኒቱን ዛፍ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ተደግፈው የሚያርፉበት ልጆች ያሉት እንዲህ ባለ አገር ነው።

አሁን ወደ ማርኩ እንግባ።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ዋናው ጉዳይ ቋንቋ ነበር። ባዮሎጂ ራሱን ችሎ ወግ ያገኘው ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ነው። ያኔ መለኪያው የእኛ አልነበረም። ተማሪው የሚፈተነው የለንደንን ማትሪኩሌሽን ነበር። ቃሉ ከዚያ መጥቶ «ማትሪክ» ሆነና ቀረ፣ ፈተናው ከለንደን ተላቆ የኢትዮጵያ ከሆነም በኋላ ስሙን የነካው የለም። ታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሩን ሲከፍት የሚገባበት ተማሪ ያስፈልገዋል፣ ተማሪውን የሚለይ ወንፊትም ያስፈልገዋል። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና እንዲህ ባለው ወንፊትነት ነው ያደገው። ልብ በሉ፣ «ይህ ልጅ ባዮሎጂ ያውቃል ወይ?» የሚለውና «ይህ ልጅ ከተወሰኑት ወንበሮች አንዷን ያገኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አንድ አይደሉም። የኛ ፈተና ከልደቱ ጀምሮ የሚመልሰው ሁለተኛውን ነው።

ወንፊቱ አምስት ፊደል ነበረው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ። አምስት ትምህርት ተይዞ አማካዩ ከ4 ነጥብ ይሰላል። እንግሊዝኛና ሒሳብ የማይቀሩ ናቸው፣ ባዮሎጂ ደግሞ ለብዙ ተማሪ የማዳኛ ትምህርት ነበር። ፊዚክስ ያስፈራል፣ ኬሚስትሪ ያደናግራል፣ ባዮሎጂ ግን «ይሸመደዳል»። ይህች አንዲት ቃል የሃምሳ ዓመት ታሪክ ይዛለች። ባዮሎጂን የሚሸመደድ ያደረገው ተፈጥሮው አይደለም፣ ፈተናው ነው። ጥያቄው አራት አማራጭ ነው፣ ጥቁር አድርጎ ማጥቆር ነው፣ የሚታረመው በማሽን ነው። ማሽን ደግሞ ተማሪው እንቁራሪት ሲከፍት እጁ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ አያይም።

እዚህ ላይ ጎረቤት አገር ማየት ይጠቅማል። ኬንያ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያዋ ለባዮሎጂ ከጽሑፍ ወረቀቶቹ ሌላ አንድ የተግባር ወረቀት ትፈትናለች፣ ተማሪው ናሙና ቀርቦለት፣ አይቶ፣ ለክቶ፣ ሥሎ ይመልሳል። ስለዚህ የኬንያ ርዕሰ መምህር ቤተ ሙከራውን ቆልፎ ቢያስቀምጥ ውጤቱ ላይ ይታይበታል። የኛ ርዕሰ መምህር ቢቆልፈው ምንም አይታይበትም፣ እንዲያውም ዕቃው ሳይሰበር ይቆይለታል። ከመካከላችን ያለች አንዲት ጓደኛችን አራት ዓመት ሙሉ በተማረችበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፑን ያየችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያም እንግዳ ከወረዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ሳይንስ አስተማሪ ባብዛኛው የውጭ ሰው ነበር፤ ህንዳዊ፣ ወይም ከመስከረም 1955 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው አሜሪካዊ የሰላም ጓድ። በ1966 ዓ.ም. የትምህርት ሴክተር ጥናቱ ሲወጣ ወላጅና መምህር አንድ ላይ የተነሡበት ምክንያት ከዚህ ጽሑፍ ጋር ይያያዛል። ጥናቱ ብዙው ልጅ መሠረታዊ ትምህርት አግኝቶ እዚያው እንዲቆም፣ ጥቂቱ እንዲቀጥል የሚያደርግ መስሎ ታያቸው። የደሃ ልጅ ማለፊያ ያችው ማትሪክ ነበረችና ማን ይታገሣል? ከዚያ አብዮት፣ ከዚያ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የ11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ስለ ዘመቻው ብዙ ተጽፏል። የኛ ትዝብት አንድ ነው፤ ገበሬውን ስለ ንጽሕናና ስለ ወባ ሲያስተምር የከረመው ተማሪ ሲመለስ የጠበቀው ፈተና ያንኑ አራት አማራጭ ይዞ ነው።

ወባን ካነሣን ጥቂት እንቆይባት፣ ምክንያቱም ይህ ቁልቁለት የወባ መማሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። የሞተው ባብዛኛው ወባን የማያውቀው የደጋና የወይና ደጋ ሰው ነው፣ የቆላው ሰው ሰውነት በተደጋጋሚ እየተነደፈ ጥቂት ለምዷታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። አሁን አስቡት፤ ደብረ ሲና ያለ ተማሪ ከተማው ውስጥ ወባ እምብዛም አያይም፣ ሸዋ ሮቢት ያለው አጎቱ ግን ክረምት በወጣ ቁጥር ይታመማል፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። «ለምን?» የሚለው አንድ ጥያቄ ሙቀትን፣ የትንኝን ዕድገት፣ የጥገኛ ሕዋስን የሕይወት ዑደትና የሰውነትን መከላከያ ሁሉ ይጠይቃል። የአንድ ሴሚስተር ባዮሎጂ ነው። በፈተናው ግን የሚመጣው «የወባ አስተላላፊ የትኛዋ ናት?» ነው። መልስ፦ ሴቷ አኖፊለስ። ቀጥሎ።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ይለውጣል ተብሎ ነበር። ተከታታይ ምዘና የሚባል ነገር ይዞ መጣ፤ ተማሪው በአንድ ፋይናል ብቻ አይመዘንም፣ በቴስት፣ በአሳይመንት፣ በግሩፕ ዎርክ፣ በክፍል ተሳትፎ ይመዘናል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ ያለበት መምህር እንዴት ያርመው? ስለዚህ አሳይመንቱ በአምስት ሰው ስም ይገባል፣ አንዱ ይጽፈዋል፣ አራቱ የወረቀትና የማሰሪያ ያዋጣሉ። በኋላ «አንድ ለአምስት» ሲመጣማ ይኸው ልማድ መዋቅር አገኘ። የክፍሉ ማርክ እያበጠ ሄደ፣ ካርዱ ላይ ያለው ሰማንያና ዘጠናም የአገር አቀፉን ፈተና የማያውቅ ማርክ ሆነ።

የፈተናውም ቅርጽ ተቀየረ። በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጀመረ፣ አሁንም በፊደል። በ1995 ዓ.ም. መሰናዶውን የጨረሱት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አዲሱን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ወሰዱ። እዚህ ፊደል ቀርቶ ባዮሎጂ ከ100 ሆነ። የ10ኛው ፈተና ስንቱን ልጅ በ16 ዓመቱ ከትምህርት መንገድ እንዳወጣ የየመንደሩ ሰው ያውቃል። እስከ 2011 ዓ.ም. ቆየና ተነሣ።

ከዚያ ፕላዝማ! በ1997 ዓ.ም. በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፣ አስተማሪዋ በማይያዝ እንግሊዝኛ ትሮጣለች፣ «አሁን ጻፉ» ብላ ሰዓት ትሰጣለች፣ ሰዓቱ ሳይበቃ ትቀጥላለች። ጥያቄ ያለው እጁን ቢያወጣ የምታየው የለችም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሚቶኮንድሪያ ላይ እንደቆመ ይቀራል። ስንቀልድበት ኖረናል፣ ግን አንድ ነገር እንመስክርለት፤ ሕዋስ ሲከፈል ያየነው መጀመሪያ በፕላዝማ ነው። ማይክሮስኮፑ እንደተቆለፈ ነበርና።

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት መጻሕፍት ከቀደሙት የተሻሉ ነበሩ ብለን እናምናለን። የ9ኛ ክፍሉ ባዮሎጂ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶችን በስም አነሣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ፣ እንዶዱ ቢልሐርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ያወቀበት ታሪክ አለ። ዶክተር መላኩ ወረደ አሉ፣ የገበሬውን ነባር ዘር ከገበሬው ጋር ሆነው ያዳኑ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። የአክሊሉ ግኝት ከየት መጣ? ከወንዝ ዳር፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ከማየት። ተማሪው ግን ይህን ታሪክ ሲያነብ የሚያሰምርበት ዓመተ ምሕረቱን ነው፣ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነዋ።

ቀጥሎ የመጣው ስርቆት ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ተሰረዘና እንደገና ተሰጠ። ችግሩ እየባሰ ሄዶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው ተፈተኑ፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ሆነ፣ ከ700 350። በጥር ውጤቱ ሲነገር አገሩ ጸጥ አለ፤ 3.3 በመቶ። 29,909 ተማሪ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4።

ስለ 3.3ቱ ብዙ ተብሏል። አንዳንዱ «እውነቱ ወጣ» አለ፣ ስርቆቱ ሲቆም ያለው ዕውቀት ይኸው ነው ማለቱ ነው። ግማሽ እውነት አለው። ግን ያንን ክፍል ከዚህ ቁልቁለት ላይ ሆናችሁ እዩት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ትምህርት ጀምሮ ኅዳር ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ፣ ውጊያው እስከ ደብረ ሲና ዳርቻ ደረሰ። ሕዝቡ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። በአማራና በአፋር ስንትና ስንት ትምህርት ቤት ተዘርፎ፣ ወንበሩ ተማግዶ ነው የተመለሱበት። ለዚህ ልጅና አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ሙሉ ዓመት ለተማረው ልጅ የባዮሎጂ ፈተናው ያው ነው፣ 50 በመቶውም ያው ነው። መለኪያ አንድ መሆኑ ፍትሕ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ልጁ በኅዳር የት እንደነበረ ይጠይቅልን። ፈተናውን ዝቅ አድርጉ አላልንም። ዜሮ ተማሪ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ሲኖር ኤፍ ያገኘው ማን እንደሆነ ግን ማወቅ እንፈልጋለን፤ ካርዱ ላይ የልጁ ስም ብቻ ነው የተጻፈው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በዚሁ መሀል ነው የገባው። መጽሐፉ ታትሞ ባለመዳረሱ ብዙው ተማሪ ከስልክ ስልክ እየተላላከ አነበበው፣ ስልክ የሌለው ካለው ጋር ተጠግቶ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ይሰጣል። እርሳስ ቀርቷል፣ ማጥቆር ቀርቷል። የባዮሎጂው ጥያቄ በስክሪኑ ላይ አራት አማራጭ ይዞ ይመጣል፣ ተማሪው አንዱን ይጫናል።