ጄሶው ሳይሰበር

ሰው ሠራሽ እግር የሚጀምረው ከጄሶ ነው። ባለጉዳዩ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከጉልበቱ በታች የተረፈውን እግሩን በእርጥብ የጄሶ ፋሻ እንጠቀልላለን። ፋሻው ደርቆ ሲወልቅ ውስጡ ሌላ ጄሶ እንሞላለን፤ የዚያ ሰው እግር ነጭ ቅርጽ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ሞረድ እናነሣለን። ከጉልበት ሎሚ ሥር ያለው ጅማት ክብደት ይሸከማልና እዚያ ላይ ጄሶውን እንፍቃለን፤ አጥንቱ ቆዳውን ገፍቶ በሚወጣበት፣ ሲነካ በሚያመው ቦታ ደግሞ እንጨምራለን። በምድጃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ቅርጹን ይለብሳል፣ አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ መዶሻና መሮ ይዘን ጄሶውን ከውስጥ እየሰበርን እናወጣዋለን። ሰውየው በፕላስቲኩ ይራመዳል፤ ጄሶው ተጠርጎ ይጣላል።

ይህን ሥራ አዲስ አበባ ተምሬ ሀርጌሳ ውስጥ እሠራዋለሁ። የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። ግራ እግሬን ሕፃን ሳለሁ ፖሊዮ አልምሾታል፤ በብረት ድጋፍ ነው የምሄደው። ማታ ማታ ደግሞ ቅርጻ ቅርጽ እሠራለሁ። ጄሶ የያዘ እጅ ከሥራ ሰዓት በኋላም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በየሳምንቱ ጠርገን የምንጥለው ስብርባሪ የዚህች ከተማ የታሪክ መዝገብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

አባቴ ወታደር ነበር። ቀኝ እግሩን ያጣው በኦጋዴን ጦርነት፣ ካራማራ ላይ በ1978 ነው (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር የምጽፈው የሀርጌሳ ሰነዶች በዚያ ስለሚቆጥሩ ነው)። ከብዙ ጓዶቹ ጋር ደብረ ዘይት ጀግኖች አምባ ገባ፤ ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ እግር ተሰጠው። አባቴን የመታው የሞቃዲሾ መንግሥት ጦር ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ የሀርጌሳን ሰው እግር የቆረጠውም ያው መንግሥት ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በ1981 ለንደን ላይ የተመሠረተው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ የዚያድ ባሬን መንግሥት የሚወጋው ከኢትዮጵያ መሬት እየተነሣ ነበር። ሚያዝያ 1988 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ተስማሙ፤ አንዱ የሌላውን አማፂ ላይረዳ ቃል ተገባቡ። ማደሪያ ያጣው ንቅናቄ ግንቦት 27 ቀን ቡርዓን፣ ግንቦት 31 ቀን ሀርጌሳን አጠቃ። መንግሥት የመለሰው በከተማዋ ሕዝብ ላይ ነው። የጦር አውሮፕላኖች ከሀርጌሳ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ሀርጌሳን ደበደቡ፤ አብዛኛው ቤት ፈረሰ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ጅግጅጋ አካባቢ የተከፈተው የሐርተሼክ መጠለያ 250,000 ያህል ሰው ይዞ በዓለም ትልቁ የስደተኞች ሰፈር እስከ መባል ደረሰ፤ የተዘጋው በ2004 ነው።

እግር የበላው ግን ስደቱ ብቻ አይደለም፤ መመለሱም ነው። የዚያድ ባሬ ጦር በመኖሪያ ቤት፣ በውኃ ጉድጓድ ዙሪያ፣ በእርሻና በግጦሽ መሬት ፈንጂ ቀብሮ ነበር። በ1991 መንግሥቱ ወድቆ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ በገዛ ደጁ ላይ ረገጠው። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ሐኪሞች የሰብዓዊ መብት ድርጅት በሰሜን ሶማሊያ ፈንጂዎች ላይ አንድ ዘገባ አወጣ። ሐኪሞች የጻፉት በመሆኑ ቁስሉ በጥንቃቄ ተመዝግቧል። የቆሰለው ሰው ግን ከዘገባው ገጽ ሲወጣ የት እንደ ደረሰ፣ በምን እንደ ተራመደ፣ ምን እንደ ሠራ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልገናል።

ሀርጌሳ መዝገብ መያዝ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ የምቆጨው ለዚህ ነው። ሬዲዮ ሀርጌሳ በእንግሊዞች ዘመን በ1943 ነው የተከፈተው። በ1988 ቦምብ ሲዘንብ የሬዲዮው ሰዎችና የሙዚቃ ወዳጆች የተቀዱትን ቴፖች መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ የቀረውን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሸሹ። ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ሕዝብ ለካሴት ጉድጓድ ሲቆፍር አስቡት። ከጦርነቱ በኋላ የሒሳብ ሊቁ ጃማ ሙሴ ጃማ የሚመራው የቀይ ባሕር የባህል ድርጅት ካሴቶቹን ከየቤቱ መሰብሰብ ጀመረ፤ በ2014 የተከፈተው የሀርጌሳ የባህል ማዕከል ዛሬ ከ10,000 በላይ ካሴቶች አሉት። በ2017 ከዚያ ክምችት ተመርጠው በውጭ አገር በሸክላ የታተሙ ዘፈኖች ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደርሰዋል።

ለሞቱትም መዝገብ አለ። በ1997 ኃይለኛ ዝናብ ማልኮ ዱርዱሮ በሚባለው ቦታ የጅምላ መቃብሮችን ከፍቶ አጥንቱን አወጣው፤ በዚያው ዓመት የጦር ወንጀል መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ኋላም ከፔሩ የመጡ የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች አጥንቱን እየቆፈሩ አጠኑ። መሀል ከተማ ላይ የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልትም ሥሩ የጦርነቱን መከራ በሚያሳዩ ሥዕሎች ተከብቧል። ድምፁ ተጠብቋል፣ ሙታኑ ተቆጥረዋል። ከሁለቱ መሀል የቀረው በሕይወት ያለው፣ በክራንች የሚሄደው ሰው ነው። በዘፈን ጀግና ነው፣ በዘገባ ቁጥር ነው፣ በመንገድ ላይ ለማኝ ነው። የራሱን ታሪክ በራሱ እጅ የሠራ ሰው ሆኖ ግን አይታይም።

ካሴት እዚህ ቀላል ነገር አይደለም። ሶማሊኛ ይፋ የጽሕፈት ፊደል ያገኘው በ1972 ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም የሕዝቡ መጽሐፍ ግጥም ነው፣ ግጥሙን በቃሉ የያዘው ሰው ደግሞ ቤተ መዛግብት ነው። በ1979 ገጣሚው ጋሪዬ ዴሌይ የተባለውን የግጥም ሰንሰለት ሲጀምር፣ ሀድራዊና ሌሎች ገጣሚዎች ሲመላለሱበት፣ ግጥሙ ከሰው ወደ ሰው የተዳረሰው በካሴት ነበር። ስደተኛም ለቤተሰቡ ደብዳቤውን በካሴት እየቀዳ ይልክ ነበር። እንዲህ ባለ ባህል ዓይነ ስውር ሰው ከመዝገቡ ደጅ አይቆምም፤ ጆሮና ትዝታ ያለው ሁሉ እኩል አንባቢ ነው። የእኛም የቅኔ ቤት ይህን ያውቀዋል፤ ዓይናቸው ሳያይ በቃል ይዘው ያስተማሩ መምህራን በየደብሩ ነበሩ።

መስማት የተሳነው ሰው ግን ከካሴቱ ሙሉ በሙሉ ውጭ ነው። የሱ ታሪክ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። ጣሊያናዊቷ አናሌና ቶኔሊ በሰሜን ኬንያ በዋጂር ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ መስማት የተሳናቸው የሶማሌ ልጆች ትምህርት የጀመሩትም በዚያች ከተማ ነው። ልጆቹ በእጃቸው ያዳበሩት ቋንቋ በዋጂር በተማረ ሶማሌ አማካይነት በ1997 ቦራማ ከተማ ላይ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ከቦራማም እስከ ሀርጌሳ ዘለቀ። ቶኔሊ የናንሰን የስደተኞች ሽልማት ባገኘችበት ዓመት፣ ጥቅምት 5 ቀን 2003፣ ቦራማ ውስጥ ተገደለች። ቋንቋው ግን ሀርጌሳ ሻይ ቤቶች በር ላይ ወጣቶች ሲጨዋወቱበት በየቀኑ አየዋለሁ። ድንበር ተሻግሮ የመጣው በእጅ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል፤ እነሱ ሲያወጉ በቪዲዮ ካልተቀረፁ ያ ታሪክ ከነሱ ጋር ይሄዳል።

ታሪካቸውን ራሳቸው በመመዝገብ ከኛ የቀደሙ አካል ጉዳተኞች አሉ። በእንግሊዝ አገር ሀይ ዊኮምብ በሚባል ከተማ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የአካል ጉዳተኞች ጥበብ ብሔራዊ ክምችት አለ። የጠነሰሰው ቶኒ ሂተን ራሱ በዊልቸር የሚሄድ ቀራፂ ነው። በ1990 እና በ1992 አካል ጉዳተኞች ቴሌቶን የሚባለውን የቴሌቪዥን ምጽዋት ማሰባሰቢያ ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ አሳዝኖ መለመኛ መሆን በቃን ነበር ነገሩ። ሂተን በ1992 ከ1,700 በላይ የምጽዋት ቆርቆሮዎች ደርድሮ ፒራሚድ ሠራ፤ ከዚያ ቡትስ ጫማ የተጫማ ሰው ሠራሽ እግር ወርውሮ ናደው። ቴሌቶኑ ከዚያ ዓመት በኋላ አልተመለሰም። በ1994 ደግሞ መንግሥት ከሚያድላቸው ዊልቸሮች ክፍል የብሪታንያን ካርታ ሠራ። እንደኔ እግር ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ዕቃችን ራሱ መናገር ይችላል።

ከሀይ ዊኮምብ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው አውራጃ፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል አለ። አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ የታከመው እዚያ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው የዊልቸር ስፖርተኞች ውድድር ላይ ቀስት ይዞ ተወዳድሯል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠበትን ፎቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ቀስት ወጥሮ በዊልቸር የተቀመጠበትን ፎቶ ስንቱ ቤት ሰቅሎታል? ለኔ ሁለቱም አንድ ጀግና ነው። ልጅ ሆኜ ግድግዳችን ላይ ሁለተኛው ፎቶ ቢኖር ኖሮ ብዙ ነገር ይቀለኝ ነበር።

አገራችን ከጉዳት የተወለደ ጥበብ ሞልቷታል። ላሊበላዎች በማለዳ በየሰው ደጅ እየዞሩ የሚያዜሙት፣ ካላዜሙ ቁምጥና ይይዘናል ከሚል ከትውልድ ከወረሱት ፍርሃት ተነሥተው ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ የተባለች የሙዚቃ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ጥናት ስታደርግ ዜማቸውን መዝግባለች። አዲስ አበባ ላይ አዱኛ ከተባለው የውዝዋዜ ቡድን ጎን አካል ጉዳተኛ ተወዛዋዦች የተሰባሰቡበት አዱኛ ፖቴንሻልስ ተቋቁሞ ነበር፤ እንግሊዛዊው አዳም ቤንጃሚን አሠልጥኗቸዋል። በክራንችና በዊልቸር መድረክ ላይ የወጡት እነዚያ ልጆች የሄዱበት መንገድ በወጉ ቢጻፍ፣ ቢቀረፅ፣ ዛሬ የሚነሣ ወጣት ከባዶ አይጀምርም።

እኔ የማደርገው ትንሽ ነው። የጄሶ ስብርባሪውን የምወስደው ባለቤቱን አስፈቅጄ ነው፤ እምቢ ካለ እጥለዋለሁ። የተሰበረውን መልሼ ስገጥም ስንጥቁን አልደፍነውም። ባለቤቱ ከፈቀደ ድምፁን እቀዳለሁ፤ እግሩ የት እንደ ቀረ፣ ማን ተሸክሞት ሐርተሼክ እንደ ደረሰ፣ የመጀመሪያውን ክራንች ማን እንደ ጠረበለት። ከዚያ ቅርጹ ሥር ድምፁ በካሴት እንዲሰማ አደርጋለሁ። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች በስደት ዘመን የለመዱት አማርኛ አላቸው፤ ሶማሊኛ ሲያጥረኝ እነሱ ወደኔ ይመጣሉ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት የእግራቸውን ቅርጽ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜው አዩ።

«ዋላል (ወንድሜ)፣ ለምን አስተኛኸው?»

«እንዳይወድቅ ነው፣ አዴር (አጎቴ)።»

«አቁመው። እኔ ከተኛሁበት የተነሣሁት በሱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ አንዱንም አላስተኛሁም። ሁሉም ከብረት በተሠራ መቆሚያ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የታሪክ ባለሙያ ለዚህ ሥራ የሚጽፈው መመሪያ ቢኖር የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ መሆን አለበት እላለሁ፤ ዕቃው እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ሐኪም ቢያስቀምጠው ናሙና ነበር፣ ለጋሽ ቢያስቀምጠው ማስለቀሻ ነበር።

ለዚህም ነው አካል ጉዳተኛ የሆነ ሠዓሊ፣ ገጣሚ፣ ተወዛዋዥ ወደ መዛግብቱ በእንግድነት ሳይሆን በባለቤትነት ይግባ የምለው። በሀርጌሳ ካሴቶች መካከል የቁስለኛ ድምፅ አለባቸው የሚባሉት ይለዩ፤ ቆጠራውን የሚያደርገው ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ የሚያውቀው ይሁን። ቀይ ጨረቃ በሀርጌሳ፣ በሞቃዲሾና በጋልካዮ፣ ሌሎችም በአዲስ አበባና በጅግጅጋ እግር የሚሠሩ ቤቶች አሮጌ እግሮችን ከመጣላቸው በፊት ከየዘመኑ አንድ አንድ ያስቀሩ፤ የእንጨቱን፣ የቆዳውን፣ የፕላስቲኩን። መስማት የተሳናቸው ታላላቆች በራሳቸው ልጆች ይቀረፁ።

ለእናንተም፣ ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ ደብረ ዘይት ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ልመና አለኝ። ሳጥናችሁ ሥር ከሐርተሼክ የተላከ ካሴት፣ ከጀግኖች አምባ የመጣ ፎቶ ወይም አባታችሁ ያወለቀው እግር ካለ አትጣሉት። ካሴቱን ቴፑ ሳይበላው ወደ ስልካችሁ ቅዱት። የተናገረው ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደ ተቀዳ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። የሚናገረው ሰው በሕይወት ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ጠይቁት።