«እንግዲያውስ ድርሻ አለኝ»

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው አርስጣጣሊስ ክርክርን መርምሮ አንድ ሕግ አወጣ፤ ሁለት መነሻ አሳቦች ከታመኑና በደንብ ከተያያዙ መደምደሚያው ወደድንም ጠላንም ይከተላል።

የግሪኮቹ ስም ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ» ሶቅራጥስን፣ አፍላጦንንና አርስጣጣሊስን ያነሣል። ይሁንና መጽሐፉ የያዘው ምክርና ምሳሌ እንጂ የክርክር ሥርዓት አይደለም። ታዲያ ባላገሩ «ስለዚህ» ማለትን ከወዴት ተማረ? መልሱን ከችሎት እናገኘዋለን።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው የጎጃም ገጠር እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ መሬት በርስት ይያዝ ነበር። መብቱም የሚመነጨው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት፣ በወንድም ሆነ በሴት በኩል፣ ከመወለድ ነው። የከሳሹ ክርክር ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል፦ ከአቅኚው የተወለደ ሁሉ ከመሬቱ ድርሻ አለው፤ እኔ ከአቅኚው እወለዳለሁ፤ እንግዲያውስ ድርሻ አለኝ። አርስጣጣሊስ ቢሰማው የራሱን ሕግ ባወቀው ነበር።

ብልህ ባላጋራ መደምደሚያውን አይነካም። የመጀመሪያውንም መነሻ አይነካም፤ እርሱም የሚኖርበት ነውና። የሚይዘው ሁለተኛውን ነው። «ተጠየቅ! አያትህ የማን ልጅ ናት?» ይላል። ተጠያቂው ባመነው ላይ ሌላ ጥያቄ ይደረብበታል፤ በመጨረሻም የገዛ ቃሉ ይረታዋል። አፍላጦን እንደጻፈልን ሶቅራጥስም በአቴና ሰዎችን የሚሞግተው በዚሁ መንገድ ነበር። ልዩነቱ ሶቅራጥስ የሚጠይቀው ስለ ጀግንነትና ስለ ፍትሕ ምንነት ሲሆን፣ የጎጃሙ ሰው የሚሟገተው ስለ ልጆቹ እንጀራ መሆኑ ነው።

ግን የሰመረ ክርክር ሁሉ ፍትሕ ነውን? በዚያ ዘመን በልማዱ ርስት ለሙስሊሙና ለእጅ ባለሙያው አይገባም ነበር። «ከአቅኚው አልተወለድህም፤ ስለዚህ ድርሻ የለህም» ይባላሉ። ልብ እንበል፤ «የተወለደ ሁሉ ድርሻ አለው» ከሚለው «ያልተወለደ የለውም» የሚል አይወጣም። ይህ እንዲወጣ «የተወለደ ብቻ» መባል አለበት። «ብቻ»ን ያስገባት ልማድ እንጂ አመክንዮ አይደለም። አርስጣጣሊስም ራሱ ከዚህ ወጥመድ አላመለጠም፤ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሮች ናቸው ከሚል መነሻ ተነሥቶ ባርነትን ደግፎ ተከራክሯል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገ፤ ራሱ አርሶ ለመኖር የፈለገ ሁሉም መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። የተለወጠው የማሰቢያው መንገድ ሳይሆን መነሻው ነበር፤ መነሻው ሲለወጥ የትውልድ ሐረጉን መቁጠር የማይችለውም በሕጉ ፊት «እንግዲያውስ ድርሻ አለኝ» ለማለት በቃ። ስለዚህ ክርክር ስንሰማ፣ አካሄዱ ቀና ነው ብለን ከመርካታችን በፊት፣ ከመነሻው ውስጥ ማን «ብቻ»ን እንደጨመረ መጠየቅ ይገባናል።