ጥልፍ

በበዓል ቀን ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ የተገኘ ሰው ጥልፍ ቀሚስ ሳያይ አይመለስም። ብዙዎቻችን ግን ጥልፍን ከጥበብ እናምታታለን። ጥበብ ሸማኔው ባለቀለሙን ክር ከድሩ ጋር አብሮ እየሸመነ የሚያወጣው ጌጥ ነው። ጥልፍ ደግሞ ጨርቁ ተሸምኖ ካበቃ በኋላ በመርፌ ይሠራል።

ስሙ «ጠለፈ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። በትግል እግር ይጠለፋል፤ ስልክና አውሮፕላንም ይጠለፋሉ። ሴት ልጅን ለጋብቻ ብሎ መጥለፍም ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

ታዲያ መርፌን ከዚህ ሁሉ ምን አገናኘው? ሰንሰለት ጥልፍ ሲሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። መርፌው ወደ ላይ ይወጣል፤ ክሩ በአውራ ጣት ተይዞ ቀለበት ይሠራል። መርፌው በወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይገባና ትንሽ አለፍ ብሎ በቀለበቱ መሃል ብቅ ይላል። ክሩ ሲሳብ ቀለበቱ ተያዘ፤ አያመልጥም። የግሱም ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ይዞ ማስቀረት።

ለጀማሪ ነጭና ባለቀለም ቼክ ጨርቅ ይመቻል። ሳጥኖቹ ራሳቸው መስመር ስለሚሆኑ በእርሳስ መንደፍ አያሻም። በየነጩ ሳጥን ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት ጊዜ ሲሰፉበት መስቀል ይወጣል።

ቢሳሳቱስ? ይፈቱታል። ከጠለፋ ሁሉ እንዲህ በቀላሉ የሚፈታው ይኸኛው ብቻ ነው።