ጎረቤትን ከራሱ አንደበት መስማት፦ የአል-ቢሩኒ የሕንድ ጥናት

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ስለ ሕንድ የጻፈው መጽሐፍ መነሻው ከሙስሊሞች መካከል የተነሣ ቅሬታ ነው። አቡ ሰህል አት-ቲፍሊሲ ከተባለ ሊቅ ጋር ሲወያዩ፣ አንድ ደራሲ የሙዕተዚላዎችን አቋም እንዴት እንዳጣመመው ተነሣ። እነርሱ አላህ በዛቱ ዐዋቂ ነው ሲሉ፣ ደራሲው ግን ለተርታው አንባቢ አላህ ዕውቀት የለውም የሚሉ አስመስሎ አቀረባቸው። ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ እንዲህ ከተዛቡ፣ ቋንቋቸው የማይታወቅ ሕንዶችማ ምን ያህል ተዛብተው ይሆን? መጽሐፉን እንዲጽፍ የጎተጎተውም ይኸው አቡ ሰህል ነው።

ሊቁ በ362 ዓ.ሂ. (973 እ.ኤ.አ.) በኸዋሪዝም ተወለደ። በ408 ዓ.ሂ. (1017 እ.ኤ.አ.) የገዝናው ሱልጣን ማሕሙድ አገሩን ሲይዝ ወደ ገዝና ተወሰደ። የሱልጣኑ ዘመቻ የሕንድን በር ሲከፍትለት፣ አርባ ዓመት ያለፈው ይህ ሰው ሳንስክሪት ሊማር ተቀመጠ። አንድን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ፣ ደጋግሞ አርሞ ከጻፈ በኋላ መልሶ ሲያነብላቸው በጭንቅ እንደሚለዩት ሳይደብቅ ተናግሯል። በሥነ ፈለክ ግን ብልጫውን ሲያዩ፣ ከየትኛው ሕንዳዊ መምህር እንደ ተማረ ይጠይቁት ነበር!

ሁለቱን ሕዝቦች ያራራቀውን ሲመረምር ቋንቋን፣ ሃይማኖትንና ልማድን ይጠቅሳል። ሕንዶቹ ከእኛ በላይ ማን አለ ማለታቸውንም ይነቅፋል። ከሁሉ የከበደን ግን ስለ ማሕሙድ የጻፈው ነው። ዘመቻዎቹ የአገሩን ብልጽግና እንዳጠፉ፣ ከተበተኑት ወገኖች ልብ ውስጥም በሙስሊሞች ላይ ብርቱ ጥላቻ እንዳሳደሩ፣ ዕውቀታቸውም ከተያዙት አገሮች ርቆ ወደ ካሽሚርና ወደ በናረስ እንደ ሸሸ አስፍሯል። ይህን የጻፈው ሱልጣኑ በሞተበት በ421 ዓ.ሂ. (1030 እ.ኤ.አ.) ገደማ፣ በዚያው ሥርወ መንግሥት ጥላ ሥር ሆኖ ነው።

እኛ በመድረሳና በሚንበር ስለ ጎረቤታችን እምነት ስንናገር፣ ምንጫችን ጎረቤታችን ራሱ የሚሆነው ስንት ጊዜ ነው? በአንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት በሚገኝበት በወሎ እንኳ፣ ከመጠየቅ ይልቅ የሰሙትን መድገም ሲቀናን አይተናል።

የሌላውን ቃል ሳያስተባብሉ ማቅረብ እንደ መቀበል ይቆጠራል ብለው የሚሰጉ መምህራን አሉ። ሥጋታቸውን አናቃልልም። አል-ቢሩኒ ግን ከተውሒድ አልራቀም፤ ያልተስማማበትንም ነገር አልሸሸገም። መጽሐፉ የክርክር መጽሐፍ እንዳልሆነ ገና ከመግቢያው አስታወቀ፤ የሕንዶቹን ቃል እንዳለ አስቀምጦም ከግሪኮችና ከሱፍዮች አነጋገር ጋር አነጻጸረ። የጻፈውም፣ እርሱ እንደሚለው፣ ከሕንዶች ጋር በሃይማኖት ጉዳይ መወያየት ለሚሻ ሰው ረዳት፣ ከእነርሱ ጋር መቀላቀል ለሚሻም መረጃ እንዲሆን ነው።