የመምህሩ ጥንቸልና የእኛ ፋሲካ

በ2016 ዓ.ም. የምዕራባውያኑ ፋሲካ መጋቢት 22፣ የእኛው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን ዋለ። በመካከላቸው አምስት ሙሉ ሳምንታት ነበሩ። በእነዚያ ሳምንታት ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው ሥዕል ከማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ሰነበተ፤ ጆሮው የረዘመ፣ ጉንጩ የቀላ፣ ባለቀለም እንቁላል የሞላበት ቅርጫት ያንጠለጠለ ጥንቸል። እኛ ጾም ላይ ነን፤ እርሱ እንቁላሉን ይዞ ከበሩ ላይ ይሥቅብናል።

እናቴ በስልክ ስለ ሥዕሉ ስትሰማ ግራ ገባት። «ጥንቸል ደግሞ ለፋሲካ ምን ሊያደርግ መጣ? ማን ይበላዋል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ጥንቸል በእኛ ዘንድ እንኳን ለበዓል ለአዘቦት ቀንም ከማዕድ የራቀ እንስሳ ነው። ሣቅን፤ የእርሷ ጥያቄ በሣቅ አለፈ። ያላለፈው ልጄ በስቅለት ማግስት ወረቀትና ባለቀለም እርሳሶቿን ይዛ መጥታ የጠየቀችኝ ነው፤ «አባዬ፣ የእኛ ፋሲካስ ሲሣል ምን ይመስላል?»

ዶሮ ልላት አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። ብራናው፣ ግድግዳው፣ ሰሌዳው ሁሉ በሥዕል የተሞላ አገር ልጅ ሆኜ ለአንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን የምመልሰው አጣሁ። መልሱን ፍለጋ የጀመርሁትም ከዚያው ከሚሥቅብን ጥንቸል ነው።

*

እንቁላሉን መረዳት ለእኛ አይከብድም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በዐቢይ ጾም እንደ እኛው ከሥጋና ከወተት ጋር እንቁላልም አይበላም ነበር። ዶሮዎች ግን ጾም አያውቁም፤ ሲጥሉ ይከርማሉ። ፋሲካ ሲደርስ በየቤቱ የተጠራቀመው እንቁላል መጀመሪያ የበዓሉ ምግብ፣ ቀጥሎ የበዓሉ ስጦታ፣ ቆይቶም የበዓሉ ጌጥ ሆነ። የእንግሊዙ ንጉሥ የቀዳማዊ ኤድዋርድ ቤተ መንግሥት የወጪ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1290 ለፋሲካ 450 እንቁላሎች በ18 ፔንስ መገዛታቸውን ያሳያል። እንቁላሎቹ ቀለም እየተቀቡና በወርቅ እየተለበጡ ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች ታደሉ።

ጥንቸሉ ዘግይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1682 ጌኦርግ ፍራንክ ፎን ፍራንከናው የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለ ፋሲካ እንቁላል በላቲን በጻፈው ድርሳን ውስጥ፣ በአልዛስና በአካባቢው ለልጆች የሚነገር አንድ ተረት መዘገበ። እንቁላሉን የሚጥለው የፋሲካ ጥንቸል ነው፤ በአትክልት ሥፍራ፣ በሣርና በቁጥቋጦ ውስጥ ይደብቀዋል፤ ልጆች እየተሯሯጡ ይፈልጉታል፤ ትልልቆቹ እያዩ ይሥቃሉ።

ይህ ተረት በዚያው በተወለደበት መንደር ሊቀር ይችል ነበር። ውቅያኖስ ያሻገረው ስደት ነው።

*

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት፣ ድህነትና የሃይማኖት ጫና ያንገላታቸው ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ወደ ፔንሲልቬኒያ ፈለሱ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከግዛቲቱ ነዋሪ ሲሶ ያህሉ እነርሱ ነበሩ። ሁሉም በመልካም ዓይን አላያቸውም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1751 በጻፈው ጽሑፍ እነዚህ መጤዎች እኛን በመምሰል ፈንታ እኛኑ ጀርመን ሊያደርጉን ነው ሲል ስጋቱን ገልጿል። ጎረቤቶቻቸው ኩዌከሮች ደግሞ ፋሲካን በልዩ በዓልነት አያከብሩም ነበር። እንግዲህ የእነዚያ ስደተኞች ልጆች በፋሲካ ዋዜማ ቆባቸውን እንደ ወፍ ጎጆ አዘጋጅተው በጎተራና በአትክልት ሥፍራ እያኖሩ፣ «ኦሽተር ሃስ» የሚሉት ጥንቸል በሌሊት እንቁላል እንዲጥልላቸው ሲጠብቁ ጎረቤት ምን ይል እንደነበር መገመት ነው። ምናልባት እናቴ ያለችውን ብሎ ይሆናል።

ከእነዚህ ስደተኞች አንዱ ዮሐን ኮንራድ ጊልበርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1734 ተወለደ፤ በ1757 ከጀርመን ተሰድዶ ፔንሲልቬኒያ ገባ፤ በ1812 ሞተ። ሥራው መምህርነት ነበር። በዚያ ዘመን የጀርመን ሰፋሪዎች ትምህርት ቤት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያለ፣ አንድ መምህር ንባቡንም፣ ጽሕፈቱንም፣ መዝሙሩንም የሚያስተምርበት ቤት ነበር፤ የየኔታን ደጅ ለረገጠ ሰው ባዕድ አይሆንበትም። መምህራኑ ከማስተማሩ ጎን የልደትና የጥምቀት ምስክር ወረቀት በጌጠኛ ፊደል ይጽፋሉ፤ ዙሪያውን የቱሊፕ አበባ፣ ልብ፣ ወፍና መልአክ ይሥሉበታል። ጥበቡ «ፍራክቱር» ይባላል፤ ስሙም የተወሰደው ሰበር ሰበር ከሚሉት የጀርመን ፊደላት ነው። በዚያው ብዕርና ቀለም ትንሽ ሥዕል ሠርቶ ተማሪን መሸለምም የመምህራን ልማድ ነበር።

የጊልበርት እጅ ሥራ ናቸው ከሚባሉት ትንንሽ ሥዕሎች መካከል በሁለቱ ላይ እንቁላል የሞላ ቅርጫት የያዘ፣ በመስፈንጠር ላይ ያለ ጥንቸል አለ። የተሣሉት እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ነው። አንደኛው በቨርጂኒያ፣ በዊልያምስበርግ ከተማ የአቢ አልድሪች ሮክፌለር የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ሌላውን እ.ኤ.አ. በ2011 በደላዌር የሚገኘው የዊንተርቱር ሙዚየም ገዝቶታል። በአሜሪካ ምድር ከተሣሉት የፋሲካ ጥንቸሎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

እኔን የገረመኝ ወረቀቱ እዚህ መድረሱ ነው። ንጉሥ አላዘዘውም፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አልተሣለም። አንድ ስደተኛ መምህር ለአንድ ልጅ የሠራው ቁራጭ ወረቀት ሳይሆን አይቀርም። ከ200 ዓመት በላይ እሳትና ውኃ፣ አይጥና የቤት ጽዳት ባለበት ዓለም ውስጥ ማንም አልጣለውም።

*

የመምህሩ ፊደል ግን እንደ ሥዕሉ ዕድለኛ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1834 ፔንሲልቬኒያ የነጻ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕግ አወጣች። የጀርመንኛው ትምህርት ቤት ቀስ በቀስ በእንግሊዝኛው ተተካ፤ መምህራኑ ተበተኑ፤ የፍራክቱር ጥበብም አብሮ መነመነ። የእነዚያ ሰፋሪዎች ቋንቋ ዛሬ በአብዛኛው በአሚሾችና በመሰሎቻቸው ቤት ተወስኖ ይኖራል። ጥንቸሉ ግን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ ፋሲካ የቤተሰብና የልጆች በዓል እየሆነ ሲሄድ አብሮ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1878 ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይዝ የዋይት ሐውስን ግቢ ለልጆች የእንቁላል ማንከባለል ጨዋታ ከፈቱ። ፊደሉን ያጣው የልጅ ልጅ ጥንቸሉን አላጣም።

ይህ የሚያጽናና ነገር ነው፤ የሚያስፈራም ነው። የሚያጽናናው፣ ቋንቋ ያልደረሰበት ሥፍራ ሥዕል ሊደርስ መቻሉ ነው። የሚያስፈራው ደግሞ ሥዕል ብቻውን ሲጓዝ የሚያጣው ነገር ነው። ዛሬ ጥንቸሉ በቸኮሌት ተሠርቶ በየመደብሩ ይሸጣል። ልጄ በክፍሏ ተቀምጣ ስትሥለው ስለ ጾሙም፣ ስለ ትንሣኤውም፣ ቆባቸውን በሌሊት ጎጆ ስላደረጉት የስደተኛ ልጆችም የነገራት አልነበረም። ሥዕሉ ደረሰ፤ ወሬው መንገድ ላይ ቀረ።

*

ታዲያ የእኛ ፋሲካ ሲሣል ምን ይመስላል?

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፉ አንዳንድ የብራና ወንጌሎቻችን መግቢያ ላይ ተከታታይ ሥዕሎች አሉ። የስቅለቱ ሥዕል አስገራሚ ነው፤ ሁለቱ ወንበዴዎች ግራና ቀኝ ተሰቅለዋል፤ የመካከለኛው መስቀል ግን ባዶ ነው፤ ከበላዩ በግ ተሥሏል። ቀጥሎ ሴቶቹ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ ሲመጡ፣ መልአኩም ሲቀበላቸው ይታያል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት እነዚህን ሥዕሎች በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ተሳላሚዎች ከኢየሩሳሌም ይዘዋቸው ይመለሱ ከነበሩ የቅዱስ ዘይት ብልቃጦች ምስል ጋር ያዛምዷቸዋል። እዚህም ላይ አንድ መንገደኛ በጉያው ያኖራት ትንሽ ነገር አለች ማለት ነው።

በኋለኞቹ ዘመናት በብዛት የምናየው የትንሣኤ ሥዕል ሌላ ነው። ክርስቶስ ሰንደቅ ያለበትን መስቀል ይዞ ቆሟል፤ አዳምንና ሔዋንን ከመቃብር ያወጣቸዋል። እጆቹን ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ የተያዘው መዳፍ ሳይሆን የእጅ አንጓ ነው። መዳፍ ለመዳፍ የተያያዙ ሰዎች እኩል ይጓተታሉ፤ አንጓውን የተያዘ ግን ራሱን ማንሣት ያቃተው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም፣ በእናቱ ጀርባ ላይ ያለ ሕፃንም ይህን ነገር በዓይኑ ያነብበው ነበር።

እንቁላልም ቢሆን አላጣንም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል ተሰክቶ ይታያል። ሰጎን እንቁላሏን ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች፤ ለአፍታ ዞር ካለች ይበላሻል ይባላል። ምሳሌነቱም ከፍጥረቱ ላይ ዓይኑን ለማይነቅል አምላክ ነው። ልጆች በእጃቸው የሚይዙትም ሞልቷል፤ በሆሣዕና ዘንባባውን ቀለበትና መስቀል አድርገው ይታታሉ፤ በቅዳሜ ሹር ቄጠማ በራሳቸው ላይ ያስራሉ፤ ቄጠማውም የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ በለመለመ ቅጠል ያበሠረችው ርግብ መታሰቢያ ነው። ይህን ሁሉ የሚያቅፍ ክፈፍም አለን፤ ጸሐፊዎቻችን በመጽሐፍ ራስጌ ላይ እያጠላለፉ የሚሥሉት ሐረግ።

*

ያን ዕለት ከልጄ ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሣልን። ከሐረጉ ጀመርን። በወረቀቱ ዳር ሁለት የሚጥመለመሉ መስመሮች አንዱ በአንዱ ላይ እያለፈ፣ አንዱም በአንዱ ሥር እየገባ፤ በመካከል የሚቀሩትን ቀዳዳዎች ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀባናቸው። መስመሩን ማጠላለፍ ከእኔ ይልቅ ለእርሷ ቀለላት። በአንደኛው ማዕዘን ቅጠል የያዘች ርግብ፣ በሌላው የሰጎን እንቁላል ሣልን። የፔንሲልቬኒያ ጀርመኖች እንቁላላቸውን በሽንኩርት ልጣጭ ያቀልሙ እንደነበር አንብቤ ነበርና ልጣጭ አፍልተን በውኃው ቀባነው። በፋሲካ ዋዜማ በሐበሻ ቤት የሽንኩርት ልጣጭ መቼም አይጠፋም።

መካከሉ ለእጆቹ ተተወ። እጄን በወረቀቱ ላይ ዘርግቼ በእርሳስ ከበብሁት፤ የእርሷንም እንዲሁ። ከዚያ የአዳምን ነገር ነገርኋት፤ ትልቁ እጅ የትንሹን አንጓ እንዲይዝ አድርገን እናስተካክለው አልኋት። ጥቂት አሰበችና ገልብጣ ሣለችው። ትንሽዋ እጅ የትልቁን አንጓ ይዛለች።

«ለምን?» አልኋት።

«መሣል ያቃተህ አንተ አይደለህ?»

ሥዕሉን ከማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍነው። ቦታው ጠባብ ስለነበር ጥንቸሉን ላነሣው እጄን ዘረጋሁ፤ ተውሁት። እርሱም ቢሆን የስደተኛ ልጅ ነው።